ጠቅላይ ሚኒስትር አልሆንም ያሉት መምህር

ሀዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ፣ ከደብረ ማርቆስ አቅራቢያ በምትገኘው እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ። የቤተ ክህነቱን ትምህርት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ቀስመው አዲስ አበባ በመምጣት በስዊድን ሚሲዮንና በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤቶች ዘመናዊውን ቀጠሉ። ከዚያም ወደ ጎጃም ተመልሰው አስተማሪ ሆኑ።

ጣሊያን ሲወር ከራስ እምሩ ጦር ጋር ሽሬ ዘመቱ። ጦሩ ወደ ምዕራብ አፈግፍጎ ጎጀብ ወንዝ ላይ እጁን ሲሰጥ ከተያዙት አንዱ ነበሩና ወደ ጣሊያን ተግዘው ሰባት ዓመት ያህል ታሰሩ። ይህን ዘመን በ1985 ዓ.ም. ባሳተሙት «ትዝታ» ራሳቸው ተርከውታል።

ከነጻነት በኋላ ያለው በአብዛኛው የሹመት ዝርዝር ነው፦ በኢየሩሳሌም ቆንስላ፣ በተባበሩት መንግሥታት የኢትዮጵያ መልእክተኛ፣ የትምህርት ሚኒስትር፣ በለንደን አምባሳደር፣ የፕላን ሚኒስትር፣ በመጨረሻም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው ልቦለዳቸው «ፍቅር እስከ መቃብር» በዝናው ይህን ሁሉ ሹመት ጋረደ።

ብዙ የሚያነጋግረው ንጉሣዊው ሥርዓት የተናወጠበት የ1966ቱ ለውጥ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር እንዲሆኑ ተጠይቀው እምቢ ማለታቸው በሰፊው ይነገራል፤ ክርክሩ በምክንያቱ ላይ ነው። ዕድሜያቸው ስድሳን አልፎ ስለነበር ደክሟቸው ነው የሚል አለ፤ የሚመጣውን ደም አስቀድመው አይተው ነው የሚልም አለ። ሁለተኛው ከኅዳር 14 ቀን 1967 በኋላ ለማለት ቀላል ነው፤ በዚያ ሌሊት ደርግ ከረሸናቸው ባለሥልጣናት መካከል አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ነበሩ። የድካሙም ምክንያት ብዙ አያስኬድም። ሀዲስ ለውጡን ተከትሎ በተቋቋመው የሲቪል አማካሪ ጉባኤ ለወራት ተቀምጠዋል፤ የደከመው ሰው ይህንንም ባልተቀበለ። ምክር ለመስጠት ፈቃደኛ ሆነው ሥልጣን ለመያዝ እምቢ ያሉበትን ምክንያት ከሌላ ቦታ መፈለግ ይሻላል፤ በዚያው በ1966 «ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል?» የሚል ጽሑፍ አሳትመው ነበር። የአገር አስተዳደር እንዴት ይቁም ብሎ በአደባባይ የጠየቀ ሰው፣ ጥያቄው ሳይመለስ ሹመቱን ቢተው አያስገርምም። የራስ እምሩ ልጅ ሚካኤል እምሩ ግን በዚያው ዓመት ሐምሌ በጠቅላይ ሚኒስትርነቱ ወንበር ተቀመጡ፤ የቆዩበትም ለሳምንታት ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ሀዲስ ወደ ብዕራቸው ተመለሱ። «ወንጀለኛው ዳኛ»ን በ1974፣ «የልምዣት»ን በ1980 አሳተሙ። ኅዳር 26 ቀን 1996 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው አረፉ።

ዛሬ በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው የተሰየመ የባህል ጥናት ተቋም አለ። የአስተዳደር ጥያቄ እንደገና በየመድረኩ በሚነሣበት በዚህ ጊዜ፣ ተቋሙም ሆነ አሳታሚዎች ያችን የ1966 ጽሑፍ ከልቦለዱ እኩል ለአንባቢ ቢያደርሱ መልካም ነው።