የማይታየውን መንካት፦ የአከርካሪ ቀዶ ሕክምናና የመንገድ አመልካች መሣሪያዎች ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ስለ ሮቦት እንደሆነ ተነግሯችኋል። እኔ ግን የታሪክ መምህር እንጂ ቀዶ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህም ከማሽኑ በፊት ማሽኑን የወለደውን ጥያቄ ላስቀድም፦ ሐኪም በዓይኑ የማያየውን ስፍራ እንዴት ሳይስት ይነካል?

የአከርካሪ አጥንትን የፊትና የኋላ ክፍል በግራና በቀኝ የሚያገናኝ፣ ፔዲክል የሚባል ጠባብ የአጥንት ድልድይ አለ። በአጠገቡ ሕብለ ሰረሰር ወይም የነርቭ ሥሮች ያልፋሉ። ፈረንሳዊው ሐኪም ሬይሞን ሮይ-ካሚል እ.ኤ.አ. በ1963 በዚህ ድልድይ ውስጥ ብሎን እያሳለፈ አከርካሪን ማጽናት ጀመረ። ዘዴው በዓለም ተስፋፋ። ይሁን እንጂ ብሎኑ በጥቂት ሚሊ ሜትር ቢስት ነርቭ ሊጎዳ ይችላል።

መፍትሔው የተገኘው ከጎረቤት ሙያ፣ ከአንጎል ቀዶ ሕክምና ነው። በ1908 ለንደን ውስጥ ቪክተር ሆርስሊና ሮበርት ክላርክ በእንስሳት ራስ ላይ የሚታሰር የብረት ማዕቀፍ ሠርተው፣ እያንዳንዱን የአንጎል ነጥብ እንደ ካርታ በቁጥር አመለከቱ። በ1947 ስፒገልና ዋይሲስ ዘዴውን ፊላደልፊያ ላይ ለሰው አዋሉት። በ1971 ሲቲ ስካን የመጀመሪያውን ታካሚ አነሣ፤ በ1986 ደግሞ ዴቪድ ሮበርትስና ባልደረቦቹ ያለ ብረት ማዕቀፍ፣ በኮምፒዩተር ምስልን ከታካሚው ራስ ጋር ማዛመድ እንደሚቻል አሳዩ።

ታዲያ አከርካሪ ለምን እስከ 1990ዎቹ ቆየ? የራስ ቅል አንድ ጽኑ ሣጥን ሲሆን አከርካሪ ግን የሚተጣጠፍ ሰንሰለት ነው። ታካሚው በጀርባው ተኝቶ የተነሣው ምስል፣ በሆዱ ሲተኛ አይገጥምም። ናቪጌሽን የሚባለው ሥርዓት ይህን የፈታው ምልክት ሰጪ መሣሪያ በራሱ በአጥንቱ ላይ በማሰር ነው፤ ካሜራ ምልክቱን ይከታተላል፣ ኮምፒዩተሩም የሐኪሙን መሣሪያ በምስሉ ላይ ያሳያል።

ሮቦቱ ቀጠለ። የቴክኒዮን መምህር የነበሩት ሞሼ ሾሃም በ2001 እስራኤል ውስጥ በመሠረቱት ማዞር ኩባንያ የተሠራው ስፓይን አሲስት በ2004 የአሜሪካን ፈቃድ አገኘ። ይህ ከለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ የማይበልጥ መሣሪያ አጥንት አይቆርጥም፤ አቅጣጫ ይይዛል፣ የሚሰረስረው ሐኪሙ ነው። በ2019 መጨረሻ ደግሞ ኦግመንትድ ሪያሊቲን የሚጠቀም፣ የአጥንቱን ምስል በሐኪሙ ዓይን ፊት የሚያሳይ ኤክስቪዥን የተባለ መሣሪያ ተፈቀደ። ሐኪሙ ወደ ስክሪን ለማየት ከታካሚው ዓይኑን መንቀል ቀረለት።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የድል ጉዞ ይመስላል። ነገር ግን በ2012 የጀርመን ተመራማሪዎች በ60 ታካሚዎች ላይ ያደረጉትን ንጽጽር አሳተሙ። በተለመደው ዘዴ በእጅ ከገቡት ብሎኖች 93 በመቶው ጥሩ ቦታ ሲይዙ፣ በሮቦቱ እገዛ ከገቡት ግን 85 በመቶው ብቻ ሆኑ። ከተጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ መሪ ቱቦው በአጥንቱ ተዳፋት ላይ መንሸራተቱ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንዲሉ፣ ጉድለቱ በይፋ መነገሩ ሙያውን ጠቀመው። በኋላ የመጡ መሣሪያዎች በብዙ ጥናቶች የተሻለ ውጤት አሳይተዋል።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው። ከ1908 ጀምሮ የተሠራው ሁሉ የቆመው በምስሉና በሰውነቱ መካከል ባለው ዝምድና ላይ ነው። በአጥንቱ ላይ የታሰረው ምልክት በክንድ ተገፍቶ ቢዛነፍ፣ ስክሪኑ አይደበዝዝም፤ ያንኑ ያማረ ምስል እያሳየ ወደ ተሳሳተ ስፍራ ይመራል። ስሕተቱን የሚያውቀው የአጥንቱን ቅርጽ አስቀድሞ በእጁና በአእምሮው የያዘ ሐኪም ብቻ ነው።

ስለዚህ ማሽኑ ሲመጣ የአናቶሚ ትምህርት ሰዓት ይቀነስ የሚል አሳብ ሲነሣ፣ የታሪክ መምህር እንደመሆኔ እቃወማለሁ። መሪ በበረታ መጠን ተመሪው መንገዱን ማወቅ አለበት፤ ያለበለዚያ መሪው ሲስት አብሮ ይስታል፤ የስሕተቱን ዋጋ የሚከፍለው ግን ጠረጴዛው ላይ የተኛው ታካሚ ነው።