«ብራንድ» እና «መለያ»

በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚሸጡ አነስተኛ ነጋዴዎች «ብራንድ» የሚለውን ቃል በሁለት መንገድ ይጠቀሙበታል፤ «ብራንድ ጫማ ገባ» ሲሉ ውድና ኦሪጅናል የውጭ ዕቃ ማለታቸው ሲሆን፣ «ብራንዲንግ አሠራን» ሲሉ ደግሞ ሎጎ ማለትም ዓርማ አስነደፍን ማለታቸው ነው። ሁለቱም አነጋገሮች የቃሉን ፍሬ ይስታሉ። ቃሉ በጥንታዊ እንግሊዝኛ የሚነድ እንጨትን ያመለክት ነበር፤ በኋላም ከብቱ የማን እንደሆነ እንዲታወቅ በጋለ ብረት የሚተኮስበት ምልክት መጠሪያ ሆኖ፣ ከዚያ ወደ ሸቀጥ ተሻገረ። ከብት መተኮስ በአማርኛም የታወቀ ነገር ስለሆነ ሐሳቡ ባዕድ አይደለም።

ለ«ብራንድ» የአማርኛ አቻ ፍለጋው ግን ጥንቃቄ ይሻል። «የንግድ ምልክት» በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ተመዝግቦ ጥበቃ የሚያገኘውን ምልክት የሚመለከት የሕግ ቃል ነው፤ «የንግድ ስም»ም እንዲሁ በንግድ ሕጉ የራሱ ትርጉም አለው። ስለዚህ «ለየ» ከሚለው ግስ የወጣው «መለያ» እጅግ የተሻለ ነው። በርበሬና ሽሮ በቴሌግራም የምትሸጥ ባለ ባልትና «ዋጋ በውስጥ መስመር» በማለት ፈንታ የኪሎውን ዋጋ ከፎቶው ሥር ብትጽፍ፣ የበርበሬውን ቅመም ብትዘረዝርና በቀጠረችው ቀን ብታደርስ፣ ደንበኛው ስሟን ባየ ቁጥር የሚያስታውሰው ይህ ጠባይዋ መለያዋ ነው፤ ዓርማው የዚያ ማስታወሻ ብቻ ነው። «ብራንዲንግ»ም በዚሁ መሠረት «መለያ ግንባታ» ቢባል፣ ሥራው በአንድ ቀን ንድፍ የማያልቅ መሆኑን ቃሉ ራሱ ይናገራል።