ፊትና ስም

የዴንቨር የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የከተማይቱን ጥቁሮች ኑሮ ለዓመታት ያነሣውን የበርኒስ ማክላውድን ፎቶግራፎች አኑሯል። ስማቸው ካልታወቀ ፊቶች መካከል አንድ አረጋዊ «ይህችማ እኅቴ ናት» ቢል፣ ደስታ ነው።

ለእኛ ግን ፊትን መለየት እንዲህ የዋህ ሥራ ሆኖ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2011 በጎረቤቷ ኦሮራ፣ በአንድ የሐበሻ ቡና ቤት፣ የቀይ ሽብር እስረኛ የነበረ ሰው የቀድሞ ጠባቂውን ዐየው። ከፈለኝ ዓለሙ ወርቁ ይባላል፤ በ2004 አሜሪካ የገባው በሌላ ሰው ስም ነበር። መርማሪዎች ምስሉን ከሌሎች ሰዎች ምስል ጋር ደርድረው፣ በአዲስ አበባ ከፍተኛ 15 ታስረው ለነበሩ አሳዩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎ ነበር።

በ2013 ጥፋተኛ ተባለ፤ በ2014 ሃያ ሁለት ዓመት ተፈረደበት። ክሱ ግን በማጭበርበር ዜግነት ማግኘት እንጂ ግድያ አልነበረም። ተከሳሹ በይግባኝ፣ የምስሎቹ አቀራረብ ምስክሮቹን መርቷል ሲል ተከራከረ፤ በ2015 ተሸነፈ። ክርክሩን አልንቀውም። ዓይን ይሳሳታል፤ የተበደለ ዓይን ደግሞ ይቸኩላል። ይሁን እንጂ የመሰከሩት አንድ ሁለት ብቻ አልነበሩም።

እኔም አንድ የተማሪዎች ፎቶግራፍ ይዤ ተሰድጃለሁ። በ1970 ዓ.ም. እናቴ ፍተሻ ፈርታ የሁለት ጓደኞቼን ፊት በመቀስ አውጥታለች። ልጆቼ እነማን እንደ ነበሩ ሲጠይቁኝ ስማቸውን እነግራቸዋለሁ። ከሁለቱ ቀዳዳዎች የትኛው የማን እንደ ሆነ ግን እኔም አላስታውስም።