ዮጋና ሜትፎርሚን፦ የተሳሳተ ሚዛን

ዮጋ ዓይነት 2 የስኳር ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ይረዳል ወይ የሚለው ጥያቄ ከሞላ ጎደል ተዘግቷል። ኪም ኢነስና ሄዘር ሰልፍ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ዳሰሳ 25 ንጽጽራዊ ጥናቶችን መርምረው ውጤቱ ወደ «አዎ» እንደሚያደላ አሳይተዋል። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። የምከራከረው ከዚያ በኋላ ከመጣውና ይበልጥ ከገነነው ሥራ ጋር ነው።

በ2022 የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ፋቲማታ ሳኖጎና ሪቻርድ ዋታናቤ ከባልደረቦቻቸው ጋር ዮጋን ጨምሮ በአእምሮና በአካል ልምምዶች ላይ የተሠሩ 28 ጥናቶችን አዳምረው መረመሩ። ከመደበኛ ሕክምናቸው ጋር ዮጋ የሠሩ ታካሚዎች ኤዋንሲ፣ ማለትም ያለፉትን 3 ወራት ገደማ የደም ስኳር የሚያሳየው ምርመራ፣ በአማካይ በ1 የመቶኛ ነጥብ ዝቅ ማለቱን ጻፉ። ከዚያም ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር ሕመም መድኃኒት የሚያመጣውን የ1.1 ቅናሽ አንስተው ሁለቱን አቀራረቡ።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። የሜትፎርሚን ቁጥር የመጣው ከፕላሴቦ ጋር ከተደረገ ንጽጽር ነው፤ በ2012 የወጣ ሌላ ድምር ጥናት 1.12 ብሎታል። በዚያ ዓይነት ጥናት ታካሚው የዋጠው እውነተኛውን ክኒን ይሁን አስመሳዩን አያውቅም። ዮጋ የሠራ ሰው ግን ዮጋ መሥራቱን ያውቃል። አስተማሪ ይከታተለዋል፣ ከቡድን ጋር ይገናኛል፣ ብዙውን ጊዜም ስለ አመጋገቡ ይመከራል። የተነጻጸረው ደግሞ ከእነዚህ አንዱንም ካላገኘ ታካሚ ጋር ነው። አንዱን በቁና ሌላውን በኪሎ ሰፍሮ «ተቀራራቢ ናቸው» ማለት አይቻልም። ደራሲዎቹ አብዛኞቹ ታካሚዎች መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ስለነበር ውጤቱ በመድኃኒቱ ላይ የተጨመረ ነው ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ነገር ግን ይህ ዮጋ ምንም ካለማድረግ እንደሚሻል እንጂ ከሌላ እንቅስቃሴ እንደሚሻል አያሳይም።

መጠየቅ የነበረበት ይህ ሁለተኛው ነው፤ መልሱም ከ2008 ጀምሮ ታትሞ ተቀምጧል። በጃማይካ፣ ኪንግስተን፣ ሎሬንዞ ጎርደንና ባልደረቦቹ የዓይነት 2 ታካሚዎችን በሦስት ቡድን ከፈሉ፤ በእያንዳንዱ 77 ሰዎች ነበሩ። አንዱ ሐታ ዮጋ፣ ሌላው የተለመደውን የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ሠራ፤ ሦስተኛው ለማነጻጸሪያ ተያዘ። ከ6 ወር በኋላ የባዶ ሆድ ስኳር በዮጋው ቡድን በ29.48 በመቶ፣ በስፖርቱ ቡድን በ27.43 በመቶ ወረደ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ2 ነጥብ ብዙም አይበልጥም። ሁለቱም ቡድኖች የኮሌስትሮል መቀነስ አሳይተዋል። እንዲህ ቀጥተኛ መልስ ያለው ጥናት ከሜትፎርሚን ጋር በሚደረገው ወሬ መሸፈኑ ያስገርማል።

ውጤቱ ለሰውነት ባሕርይም እንግዳ አይደለም። ጡንቻ ሲኮማተር ግሉት 4 የሚባሉት የስኳር አስተላላፊዎች ወደ ሕዋሱ ወለል ይወጣሉ፤ ለዚህ የኢንሱሊንን ትእዛዝ አይጠብቁም። ቪራብሃድራሳና በሚባለው አቋም የፊተኛው ጉልበት ታጥፎ ሲቆይ ጭን የሚንቀጠቀጠው ጡንቻው በእውነት እየሠራ ስለሆነ ነው። ጡንቻው ደግሞ የአቋሙን ስም አይጠይቅም።

ዮጋ ጭንቀትንና ኮርቲሶል የተባለውን የጭንቀት ሆርሞን በመቀነስ የተለየ ነው የሚሉ አሉ፤ የእግር ጉዞም ጭንቀት ይቀንሳል። በ2012 በ277 ታካሚዎች ላይ የተሠራ የሕንድ ጥናት የዮጋው ቡድን የመድኃኒት ፍላጎት ከስፖርቱ ቡድን ይበልጥ እንደቀነሰ ዘግቧል የሚል መልስም ይመጣል። ነገር ግን ጥናቱን የመሩት የዮጋ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው፤ ገለልተኛ ቡድን እስኪደግመው ድረስ ብዙ ክብደት አልሰጠውም። የኪንግስተኑም ቢሆን የአንድ ከተማ የግማሽ ዓመት ሥራ ነውና በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል።

ስለዚህ ቀጣዩ አጥኚ ዮጋን ከመቀመጥ ጋር ማወዳደሩን ትቶ እኩል ሰዓት፣ እኩል ክትትልና እኩል ምክር ካገኘ የእግር ተጓዥ ጋር ያወዳድር። ታካሚው ደግሞ ከሁለቱ የሚዘልቅበትን ይምረጥ። ዮጋን የመረጠ፣ ሬቲናው በስኳር የተጎዳ ከሆነ በጭንቅላት መቆምን ይተው፤ ኢንሱሊን የሚወጋ ከሆነ ስኳሩን ከእንቅስቃሴው በፊትና በኋላ ይለካ። ሜትፎርሚኑን ግን ሐኪሙ ሳያዝ አያቋርጥ።