የቁንዝላው መምህርና ያቺ ትንሽ ሳጥን

እስቲ ቀረብ በሉ፤ የዛሬው ወሬ የቁንዝላ ነው። ቁንዝላን የማያውቅ ካለ ጣናን በመርከብ ያቋረጠ ሰው ይጠይቅ፤ ድሮ መርከቧ እሑድ ጠዋት ከባሕር ዳር ተነሥታ፣ ደቅን ነክታ፣ ወደ ጎርጎራ ከማለፏ በፊት የምታድረው እዚያ ነበር። በየብስ የሚመጣው በዱርቤቴ በኩል ይገባል። ለበለስ ኃይል ማመንጫ የጣና ውኃ የሚጠለፈውም በዚሁ አካባቢ ነው፤ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በዋሻ ተጉዞ፣ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውን የ460 ሜጋ ዋት ጣቢያ ያዞራል። መብራትን በከንቱ አላነሣኋትም፤ ትመጣለች፣ ትሄዳለችም።

ጊዜው ግንቦት 2012 ዓ.ም. ነው። ኮሮና ትምህርት ቤቱን ዘግቶታል። አንድ የአማርኛ መምህር አለ፤ በጽሑፍ መጠራት አይወድምና ስሙን ተዉት። ይህ ሰው ሮስተር ከመሙላትና ፈተና ከማውጣት በተረፈው ጊዜ በሐይቁ ዳር ወዳሉት የነገደ ወይጦ ሽማግሌዎች ይሄዳል። ደንገል እንዴት እንደሚታጨድና እንደሚደርቅ፣ ታንኳ እንዴት እንደሚታሰር፣ በአባቶቻቸው ዘመን ጉማሬ እንዴት ይታደን እንደነበር ያስተርካቸውና በስልኩ ይቀዳል። ከተቀዱት መካከል ያረፉ አሉ። ድምፃቸው የቀረው በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ነው። ሌላ ቅጂ የለም። መምህር ሆኖ ይህን ያህል መዝረክረክ! ግን ማናችን እንፍረድበት?

ላፕቶፑ የሚሠራው በሊኑክስ ነው። ሊኑክስ በ1991 እ.ኤ.አ. ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ተማሪ የጀመረው፣ ማንም በነጻ የሚጭነውና የሚያሻሽለው ሥርዓት ነው፤ ኡቡንቱ ደግሞ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጣው አንዱ ዓይነቱ። መምህሩ ወደዚህ የገባው በፍልስፍና አይደለም፤ በምሬት ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሶ የመጣ ፍላሽ ሁሉ ፎልደሩን ሾርትከት የሚያደርገውን ቫይረስ ይዞ ይመለስ ነበር። ባሕር ዳር ፖሊ ያስተምር የነበረ ወዳጁ፣ የኡቡንቱ ሲዲ ከውጭ በፖስታ በነጻ ሲላክ በነበረበት ዘመን የለመደ ሰው፣ ‹‹በቃ እኔ ልገላግልህ›› ብሎ ጫነለት። ሲጭንም ዲስኩን ከፍሎ፣ ሥርዓቱን ለብቻ፣ ‹ሆም› የሚባለውን የባለቤቱን ማደሪያ ለብቻ አደረገው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

አንድ ማታ መምህሩ አፕዴት እያደረገ ሳለ መብራት ሄደ። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። ጠዋት ሲከፍተው ጥቁር ገጽ፣ በላዩ ነጭ እንግሊዝኛ፤ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ የለም።

ይዞት ወደ ኮምፒውተር ቤት ሮጠ። ልጁ አየት አደረገና፣

‹‹ቲቸር፣ ይሄ ፎርማት ነው የሚፈልገው። ዊንዶውስ ልጫንልዎትና ከምሳ በኋላ ይውሰዱት›› አለ።

‹‹ፋይሎቼስ?››

‹‹ዲ ላይ ናቸው?››

‹‹ዲ የሚባል የለውም።››

‹‹እንግዲያ ይጠፋሉ።››

መምህሩ ላፕቶፑን ከጠረጴዛው መንጭቆ በጋቢው ሥር ከተተና ወጣ። ልጁን ግን አትፍረዱበት። የዊንዶውስ ሲ ድራይቭ ሲፈርስ ዲ እንደሚተርፍ የአገሩ ሰው ሁሉ ያወቀው ከእሱ ዓይነቶቹ ነው፤ ሊኑክስ ድራይቮቹን በፊደል እንደማይጠራ የነገረው አልነበረም እንጂ።

የእኅቱ ልጅ ፖሊ ሦስተኛ ዓመት ነበረች፤ ግቢው ሲዘጋ ወደ ቤት ተመልሳለች። ማታ ቡና ተፈልቶ ሳለ ላፕቶፑን ከፊቷ አስቀመጠው።

መጀመሪያ ለመጫን አልቸኮለችም። ሲነሣ የሺፍት ቁልፉን ይዛ የቀድሞውን ከርነል፣ የሥርዓቱን እምብርት፣ መረጠች፤ እምቢ አለ። ዲስኩን አስመረመረች፤ ዲስኩ ደኅና ነው። በግማሽ የቀሩትን የአፕዴቱን ጥቅሎች ልታስጨርስ ሞከረች፤ እርስ በርሳቸው ተያይዘው ወድቀዋል። ብዙ ጊዜ ከነዚህ በአንዱ ይድናል፤ ይህኛው አልዳነም።

‹‹ጋሼ፣ እንደገና መጫን ነው።››

‹‹አንቺም ፎርማት ልትዪኝ ነው?››

‹‹ቆይ፣ መጀመሪያ ያለውን እንይ።››

ኡቡንቱ 18.04 ያለበት የ4 ጊጋ ፍላሽ ነበራት። ከፍላሹ አስነሣችውና ‹ሳይጭኑ መሞከር› የሚለውን መረጠች። እንዲህ ሲደረግ ማሽኑ የሚሠራው ከፍላሹ ላይ ነው፤ የዲስኩን ሥርዓት አይነካም። ፋይል ማሳያውን ከፍታ ወደ መምህሩ ማደሪያ ገባች። ሁሉም አለ። አንዱን ቅጂ ተጫነችው፤ ሽማግሌው ሳል ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ‹‹ደንገሉ እርጥብ ከሆነ ታንኳው ይከብዳል›› አሉ፤ ከበስተኋላ ሰው ሲስቅ፣ ፍየል ስትጮህ ይሰማል። መምህሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ልጅቱም እንዳላየች ሆነች።

ከዚያ ወደ ግልበጣ። ሰርግ ከሚቀርጸው ጎረቤት ኤክስተርናል ዲስክ ተለመነ። የኮንትሮል ቁልፉን ከኤች ጋር ተጫነችና ድብቆቹን ፎልደሮች አወጣች፤ ስማቸው በነጥብ ይጀምራል፣ የፋየርፎክስ ማስታወሻውም የፕሮግራሞቹ ልማድም የሚቀመጠው እነሱ ውስጥ ነው፤ የማያውቅ ሰው ትቷቸው ይሄዳል። ግልበጣው ሲሮጥ ቆይቶ የመምህሩ የሰርግ ቪዲዮ ላይ ቆመ። ዲስኩ ፋት 32 በሚባለው አሠራር የተሰናዳ ነው፤ ያ ደግሞ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ቪዲዮውን ለሁለት ቆርጣ አስገባችው። ‹‹ጋብቻችንን ለሁለት ቆረጥሽው›› አለች የመምህሩ ባለቤት ከምድጃው ዳር።

አሁን ወደ መጫኑ። ‹ዲስኩን አጥፍቶ መጫን› የሚል ምርጫ ከላይ ጉብ ብሎ ተቀምጧል፤ እሱን የነካ አለቀለት። ልጅቱ ዝቅ ብላ ‹ሌላ ነገር› የሚለውን መረጠች። ክፍልፋዮቹ በሰንጠረዥ ተደረደሩ። የሥርዓቱን ክፍል ያዘችና ሩት ይሁን፣ ፎርማትም ይደረግ አለች። ሁለተኛውን፣ የመምህሩን፣ ያዘች፤ ስያሜውን ‹ሆም› ብላ ሰጠችው። ከጎኑ የጤፍ ፍሬ የምታህል ሳጥን አለች፦ ፎርማት ይደረግ ወይስ አይደረግ። ባዶ ናት።

‹‹ጋሼ፣ ና አንተ ራስህ አንብባት።››

መነጽሩን አድርጎ አጎነበሰ። ‹‹ባዶ ናት።››

‹‹እንደገና።››

‹‹ባዶ ናት አልኩሽ እኮ!››

‹‹እንግዲህ ሩቱ ይፈርሳል፣ ሆሙ ይቆያል።››

‹‹ደቅና ዳጋ በይኛ›› አለ መምህሩ ቀና ብሎ። ‹‹በግራኝ ጊዜ የየብሱ ቤተ ክርስቲያን ሲቃጠል ንዋየ ቅድሳቱ ወደ እነዚህ የጣና ደሴቶች ይሻገር ነበር ይሉናል አባቶች። የተቃጠለው ይሠራል።››

መጫኛው የተጠቃሚ ስም ሲጠይቅ ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነበረ። መምህሩ ‹‹አሁን እንኳ በሙሉ ስሜ ይሁን›› አለ። ልጅቱ እምቢ አለች፤ የድሮዋን ስም፣ ከነአጻጻፏ። ስሙ ከተለወጠ አዲስ ባዶ ማደሪያ ከአሮጌው ጎን ይከፈታል፤ ሰውዬው ገብቶ ‹ንብረቴ የለም› ብሎ ይጮኻል፣ ንብረቱ ግን በሚቀጥለው በር ተቀምጧል። የፋይሉን ባለቤትነት ሊኑክስ የሚመዘግበው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው፤ በኡቡንቱ መጀመሪያ የተመዘገበ ሰው 1000 ይባላል። መምህሩ ድሮም ብቸኛው ተጠቃሚ ነበርና 1000፣ አሁንም 1000። በሩ ተከፈተለት።

ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ ማሽኑ ተነሣ። ያው የጣና ፎቶ በጀርባው፣ ያው ፎልደር፣ ያው የሽማግሌው ሳል። እልልታ ሊሆን ሲል መምህሩ የ2001ን የማጠቃለያ ፈተና ከፈተና ክው አለ። ገጹ ሙሉ የፈረንጅ ፊደል፣ ነጥብ፣ ቅንፍ፣ ድብልቅልቅ።

‹‹በላሽው! ፈተናዎቼን በላሽው!››

አልተበሉም። የድሮ ፈተናዎቹ በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ ናቸው። ፊደላችን በዩኒኮድ የራሱን ስፍራ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ እነዚያ የቆዩ ፎንቶች ግን የ‹ሀ›ን መልክ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ አልብሰው ነው የሚሠሩት። ፎንቱ ከሌለ ልብሱ ይወልቅና ላቲኑ ይታያል። የመምህሩ ወዳጅ ፎንቱን ያስቀመጠው በሥርዓቱ በኩል ነበር፤ ሩቱ ሲፈርስ አብሮ ሄደ። ሆም ያተረፈው ሆም ውስጥ ያለውን ብቻ ነው።

በነጋታው ፎንቱ ከየት ተገኘ ትላላችሁ? ከዚያ ከፎርማቱ ልጅ። ዊንዶውሱ ላይ ነበረው፤ በፍላሽ ሰጣቸው፣ ሳንቲምም አልተቀበለም። ልጅቱ በዚህኛው ጊዜ ያስገባችው በመምህሩ ማደሪያ ካሉት ድብቅ ፎልደሮች በአንዱ ነው፤ ወደፊት ሥርዓቱ ቢፈርስ አይጠፋም። ቅጂዎቹንም ግቢው ሲከፈት ወደ ባሕር ዳር ይዛ ሄደች፤ ዛሬ በሁለት ከተማ አሉ።

እናንተም በየቤታችሁ በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ፈተና፣ ደብዳቤ፣ የዕድር መዝገብ ያላችሁ፣ ፎንቱ የሚገኝበት ማሽን በሕይወት ሳለ ወደ ዩኒኮድ አዛውሩት።