ከእግር መንገድ እስከ አውቶቡስ፦ የሐይፋ ጉዟችን ታሪክ

ታሪካችን ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከጎንደር እስከ ሱዳን፣ ከሱዳን እስከ እስራኤል ያለው ታላቁ መንገድ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ መጣው ስለ ትንሹ መንገድ፣ ማለት ከቤት እስከ ሐኪም ቤት፣ ከሐኪም ቤት እስከ ገበያ ስላለው፣ የጻፈ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ አገር የሚለመደው በትንሹ መንገድ ነውና ስለ እርሱ ጥቂት ልንል ወደድን። ዓመታቱን የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በደምቢያና በወገራ መንደሮቻችን ሰው በእግሩ ወይም በበቅሎ ይሄድ ነበር። መንገድ የጠፋው ሰው ያገኘውን ሰላም ብሎ ይጠይቃል፤ የተጠየቀውም እስከ ጉብታው ይሸኘዋል። ወደ ሱዳን ስንወጣም አባቶች እየመሩን ሌሊት ሄድን፣ ቀን በዱር ተደበቅን። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን እንዳለቁ ይገመታል፤ መታሰቢያቸው በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ቆሟል። ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 በዘመቻ ሙሴ ከ6,000 በላይ፣ በሜይ 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ደግሞ ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከ14,000 በላይ ሰዎች ገቡ።

ከእነዚህ መካከል ከፊሎቻችን ሐይፋ ደረሰን። ኤልያስ ከቀርሜሎስ እስከ ኢይዝራኤል በአክዓብ ሠረገላ ፊት እንደ ሮጠ በልጅነታችን ተምረናል፤ እኛን የቸገረን ግን ሠረገላውን መሳፈሩ ነበር። ኔቬ ዮሴፍ በተራራው ጎን ያለ ሰፈር ነው። ዳገቱስ ለጎንደር ሰው አዲስ አይደለም፤ አዲስ የሆነብን አውቶቡሱ ነው። ፊደል የቆጠርነው ሰዎች ከግራ ወደ ቀኝ እናነባለን፤ ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ስለዚህ አውቶቡሱን በቁጥሩ፣ የምንወርድበትን ቦታ ግን በዛፍና በሱቅ በር ቀለም እንለይ ነበር። ባለ ሱቁ በሩን ሌላ ቀለም የቀባ ዕለት ፌርማታችን ይጠፋናል።

ሰዓቱም ሌላ ፈተና ነበር። ከመካከላችን አንድ አባት 8:00 የሚል የቀጠሮ ወረቀት ይዘው፣ እንደ አገራችን ቆጠራ ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ደረሱ። ቢሮው ተዘግቷል። ሁለት አውቶቡስ ቀይረው የሄዱትን መንገድ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ከሁሉ የከበደው ግን ሌላ ነው። ቤተ ሰቡን በጨለማ መርቶ ድንበር ያሻገረ አባት፣ የሰባት ዓመት ልጁን «ይህ የት ይሄዳል?» ብሎ ለመጠየቅ ተገደደ። ልጁም ለሹፌሩ ስለ አባቱ ተናገረ። በብዙ ቤት የአባት ቃል ዝቅ ማለት የጀመረው እዚያ ፌርማታ ላይ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ሰንበትም አለ። በአብዛኞቹ የአገሪቱ የአይሁድ ከተሞች አውቶቡስ በሰንበት ይቆማል፤ በሐይፋ ግን ከእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን ጀምሮ በከፊል ይሠራል። ለሰንበት እሳት እንኳ ሳይነኩ ያደጉ ቄሶቻችን ይህን ባዩ ጊዜ አዘኑ፤ «የመጣነው ወዴት ነው?» ያሉም ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለወጠ። በ1959 የተከፈተው በተራራው ውስጥ የሚወጣው ካርሜሊት ባቡር በ1986 ተዘግቶ በ1992 እንደገና ሥራ ጀመረ። በ2013 ሜትሮኒት የተባለው ረጅም አውቶቡስ፣ በ2022 ደግሞ ወደ ቴክኒዮንና ወደ ዩኒቨርሲቲው በገመድ ላይ የሚወጣው ራካቭሊት መጡ። የወረቀቱን ትኬት ራቭ ካቭ ካርድ ተካው።

ሽማግሌዎቻችን ግን አንድ ጉዞ ማንንም ሳይጠይቁ ያውቁታል። በ2008 በሕግ የመንግሥት በዓል የሆነው ስግድ ሲደርስ አውቶቡሶች ከየከተማው ወደ ኢየሩሳሌም ይወጣሉ። ያን ዕለት ጠያቂዎቹ ልጆች፣ መላሾቹ አባቶች ናቸው።

ስለዚህ ወላጆችና ልጆች ሆይ፤ ታላቁን መንገድ የሄዱት እያለቁብን ነውና፣ ሱዳንን ስትጠይቋቸው የመጀመሪያውን አውቶቡስም አትርሱ። ማን እንዳሳፈራቸው፣ የት እንደጠፉ፣ እንዴት እንደተመለሱ ጠይቃችሁ ጻፉልን። እርሱም ታሪካችን ነው።