የጠመንጃ ርግጫና የአዳኝ ምርጫ፤ ከውጅግራ ወደ ጠባብ አፈሙዝ

ጠመንጃ በታሪካችን ያለው ስፍራ እስካሁን በብዛት የተመረመረው ከጦርነትና ከመንግሥት ጋራ በተያያዘ ረገድ ነው። እኛ ግን በዚህች አጭር ጽሑፍ አንድ ሌላ ጥያቄ እናነሣለን፤ ይኸውም ተኩስ ገና በመልመድ ላይ ያለ አዳኝ ምን ዓይነት ጠመንጃ ይምረጥ? የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ዋናው መልስ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ተሰጥቶ እናገኘዋለን።

በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ከዘመቱት ወገኖቻችን ብዙዎቹ የያዙት ውጅግራ፣ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ያወጡት የግራ ጠመንጃ ነው። አፈሙዙ 11 ሚሊሜትር፣ እርሳሱ 25 ግራም ሲሆን፣ በጥቁር ባሩድ ተገፍቶ በሴኮንድ 450 ሜትር ያህል ይጓዝ ነበር። እርሳሱ ወደ ፊት በተገፋበት መጠን ጠመንጃው ወደ ኋላ ስለሚገፋ፣ ሰደፉ ትከሻን የሚመታው በብርቱ ነው። ይህን የኋላ ምት ርግጫ እንለዋለን።

እ.ኤ.አ. በ1884 ፖል ቪየይ የተባለው ፈረንሳዊ ጢስ አልባውን ባሩድ ሠራ። በ1886 የ8 ሚሊሜትሩ ለበል ተከተለ፤ በ1893 ደግሞ የእስፓኝ ጦር የ7 ሚሊሜትሩን ማውዘር ተቀበለ። የዚህ እርሳስ ክብደት 11.2 ግራም ብቻ ሲሆን፣ ፍጥነቱ በሴኮንድ ወደ 700 ሜትር ደርሷል።

እንግዲህ ሁለቱን እናስተያይ። የእርሳሱን ክብደት በፍጥነቱ ስናባዛ ውጅግራ 11,250፣ ማውዘር 7,840 ይሰጣል። የባሩዱን ድርሻ ትተን፣ ጠመንጃዎቹ እኩል ክብደት ቢኖራቸው፣ የማውዘሩ የርግጫ ጉልበት ከውጅግራው ግማሽ ያህል ብቻ ይሆናል። የእርሳሱ ጉልበት ግን አልቀነሰም፤ እንዲያውም ከ2,530 ጁል ወደ 2,740 ጁል ገደማ ከፍ ብሏል። ስለዚህ ትከሻን አብዝቶ የሚመታ ጠመንጃ አውሬውንም አብዝቶ ይመታል ማለት ስሕተት ነው።

ነገሩ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ርግጫን የፈራ ለማጅ ቃታውን ከመሳቡ አስቀድሞ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻውንም ያሸሻል። እርሳሱም ልብና ሳንባ በመምታት ፈንታ ሆድ ወይም እግር ይመታል። ቆስሎ ጫካ የገባ አውሬ ቀስ በቀስ በሥቃይ ይሞታል፤ አዳኙም ግዳይ ጣልሁ ለማለት አይችልም።

ከአንድ ሺህ በላይ ዝሆኖች የገደለው እስኮትላንዳዊው ዋልተር ቤል (1880–1954 እ.ኤ.አ.) ብዙዎቹን የጣለው በዚሁ በ7 ሚሊሜትር ጥይት ነበር። ይሁን እንጂ ቤል የዝሆንን የአካል አሠራር አጥንቶ የሚተኩስ የተለየ ባለሙያ ስለነበረ፣ ለማጅ ሊከተለው አይገባም። ዛሬ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ለአደገኛ አውሬ ከዚህ የሰፋ አፈሙዝ በሕግ ይጠየቃል።

በፈቃድ ድኩላን ወይም ይህን የመሰለ እንስሳ ለሚያድን ጀማሪ ግን 7 ሚሊሜትሩ ማውዘር፣ ወይም ስዊድንና ኖርዌይ የተቀበሉት 6.5 ሚሊሜትር ጥይት ይበቃዋል። ጠመንጃው ቀላል ሲሆን ርግጫው ስለሚጨምር፣ ለመሸከም እንዲያመች ብሎ እጅግ ቀላሉን መምረጥ አይገባም። የሰደፉም ርዝመት ከክንዱ ጋራ የተስማማ፣ ጫፉም ላስቲክ የለበሰ ይሁን።

ከዚህ በላይ ካየነው የምንደርስበት ፍሬ ነገር፣ ለጀማሪ ጥሩ ጠመንጃ ማለት ሳይፈራው ደጋግሞ ተኩሶ የሚለማመድበት ጠመንጃ ነው የሚል ነው።